በጎረቤቴ ቡችላ ላይ የፈረድኩት ፍርድ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው ሐሜቴን ነግሬያለሁ፣ ቁጣዬን ነግሬያለሁ፣ በጾም ወጥ ልቅመስ ብዬ የዋጥኩትን ቅቤ ሳይቀር ነግሬያለሁ። ይህንን ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «አባቴ፣ በውሻ ሽንት በደልኩ» ይባላል? መስቀላቸውን እንደያዙ ቢስቁብኝስ? ፈራሁና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል በደሉ አደገ። ቡችላም እንዲሁ ነው፤ አላየሁትም ስትሉ አድጎ ታገኙታላችሁ።

እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። ስሜ አስካለ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ዳር የምኖር አሮጊት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ እለፉት። ሰፈሩ «ዳኛዋ» ይለኛል። አጥር የገፋ፣ በጉ የሰው ገብስ የበላ፣ በእድር ድንኳን የተጣላ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ለዘመድ አላዳላም፣ ለሀብታም አላዳላም። ፍርድ አላዛባም! እንዲህ እያልኩ ስፎክር የሰማኝ ብዙ ነው። አዛብቻለሁ። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቡችላ ላይ፣ አውቄ አዛብቻለሁ።

ጎረቤቴ ብርቄ ትባላለች። እኩያዬ ናት። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን፣ ልጆቻችንን ወደ ደብረ ብርሃን ሸኝተን፣ በአንድ አጥር ተለያይተን የምንኖር ነን። አጥሩ ላይ ሆን ብለን ያልደፈንነው ሽንቁር አለ። በእሱ እሳት እንጫጫራለን፣ ጨው እንዋዋሳለን፣ ከሁሉም በላይ እንሰዳደባለን። ብርቄን ሳልሰድብ የዋልኩበት ቀን ካለ ታምሜ ነው።

ከዓመታት በፊት በዚያ ሽንቁር አጠገብ አንዲት ውሻ ሁለት ወንድ ቡችሎች ወለደች። እናቲቱን ብዙም ሳትቆይ ጅብ በላት። ያን ሰሞን ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር፤ ውጪ ብንተዋቸው አንድ ቀን አያድሩም። ቡኒውን እኔ ወሰድኩ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበትን ጥቁሩን ብርቄ ወሰደች። በእኛ አገር ለውሻ ስም ሲወጣ ጎረቤት ይሰማው ተብሎ ነው። እኔ የእኔን «ማን ያህለው» አልኩት፤ ብርቄ እንድትሰማ ጮክ ብዬ ጠራሁት። ወዲያው በሽንቁሩ በኩል የእሷ ድምፅ መጣ፤ «ይታያል! ና ይታያል!» የሷ ቡችላ ስም «ይታያል» ሆነ። እንዲህ ነው የተጀመረው፤ በሳቅ።

ብርቄ ራቤል ገጠር በግ የሚያረቡ ታላቅ ወንድም አሏት፤ ጋሼ ደምሴ። በጾሙ መግቢያ ሊጠይቋት መጡና ቡችሎቹን አዩ።

«አንዱን ስጡኝ፤ ጅቡ በጎቼን ጨረሳቸው» አሉ።

ብርቄ ታላቅ ወንድሟን እንቢ ማለት አትችልም። እኔም የቡኒውን አንገት አቅፌ፣ «እንግዲህ ያንቺ ወንድም ናቸው፤ ያንቺን ስጪያቸው» አልኩ። እሷ ደግሞ፣ «ቡችሎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ለምን የኔ ይሄዳል?» አለች። እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ እኔ፣ ዳኛዋ፣ ሕግ አወጣሁ። ጋሼ ደምሴ ለዳግማይ ትንሣኤ ይመለሳሉ። እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም እናሠልጥን። ያን ቀን ቤት አበላሽቶ የተገኘው ወደ በጎቹ ይሂድ፣ ቤት ያከበረው ይቅር። «ዳኛውስ ማን ይሁን?» አሉ ጋሼ ደምሴ እየሳቁ። ብርቄ ሳታመነታ፣ «ሌላ ማን አለ? አስካለ ትሁን» አለች። አስቡት፤ ባለጋራዋን ዳኛ አደረገችኝ። ይህን ያህል ታምነኝ ነበር።

ስለ ሥልጠናው ልንገራችሁ፤ ሳስታውሰው ዛሬም ያስቀኛል። እኔ የአምስት ልጆች እናት ነኝ፤ ቡችላ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ማን ያህለው ወለሉ ላይ ሲሸና አንገቱን ይዤ አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ ደፈቅኩት። በማግስቱ አልጋ ሥር ሸና። አልጋ ሥር ደፈቅኩት። ከእንስራው ኋላ ሸና። ምን ተማረ? ከእኔ መደበቅን ተማረ። እኔ ሑዳዴን በደረቅ ገብስ ዳቦ ስጾም እሱ ወተት ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ ቆጥቦ እኔ በማላይበት ያፈሰዋል።

በወዲያኛው ቤት ግን ዘፈን ነበር። ይታያል ከእንቅልፉ ሲነቃ ብርቄ አንስታ ወደ ጓሮ ጥግ ትወስደዋለች። ከበላም ትወስደዋለች። ሁልጊዜ ያው ጥግ። ከዚያ ቆማ ትጠብቃለች፣ ብርዱ ቢመታትም ትጠብቃለች። ሲሸና «ጎሽ! ጎሽ የኔ ጌታ! እደግ! ተመንደግ!» ስትል ሰፈሩ ይሰማል። መንገደኛ ቆሞ፣ «እማማ፣ ማን ተመረቀ?» ብሎ ጠይቋታል። ብዙም ሳይቆይ ቡችላው ሲቸግረው ራሱ ሄዶ በሩን በጥፍሩ መቧጨር ጀመረ። ይቧጭራል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ትከፍትለታለች።

እኔ ስቀና አየችኝ መሰለኝ፣ አንድ ቀን በሽንቁሩ በኩል መከረችኝ።

«አፍንጫውን አትድፈቂው፣ አስካለ። አንቺን መፍራት ነው የሚማረው። ደግሞ የሸናበትን በአመድና በሎሚ እጠቢው። ሽታው ከቀረ ቦታው ይጠራዋል፤ ተመልሶ እዚያው ነው የሚሸናው።»

«ደግሞ ስለ ውሻ ልታስተምሪኝ!» አልኳት። ነገር ግን ምክሯን ያዝኩት። ሽታው ከቀረ ቦታው ይጠራዋል። ይህን ቃል ልብ በሉት፤ እኔ ምን እንዳደረግኩበት ታያላችሁ።

ማሰሪያውም እንዲሁ ሆነ። ገመዶቹን የፈተልኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ጥቁር በግ ፀጉር ሁለት ገመድ ጎነጎንኩ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለብርቄ። በዚያ እንኳ አላዳላሁም። ማን ያህለውን አስሬ ወደ ገበያ ወጣሁ። ከደጃፌ ሦስት እርምጃ እንደሄድን ቁጭ አለ። ጎተትኩት። አራት እግሩን ተክሎ፣ አንገቱን ወደኋላ አድርጎ፣ ርስቱን እንደተነጠቀ ሰው አየኝ። ጎተትኩት፣ ተንፏቀቀ። ጨው የምትሸጠዋ ሴትዮ ከሩቅ፣ «እማማ አስካለ፣ በግ ሊሸጡ ነው ወይስ ውሻው እርስዎን ሊሸጥዎት ነው?» አለችኝ። ገበያው ሳቀ። ብርቄ በአጠገቤ አለፈች፤ ገመዷ ላላ ብሎ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ይታያል ከጉልበቷ ሥር ሥር እያለ ይሄዳል።

«አንቺ ስትጎትቺ እሱም ይጎትታል። ገመዱን ላላ አድርጊው፣ ራቅ በይና ቁጭ ብለሽ ጥሪው። ራሱ ይመጣል» አለችኝ።

«እኔ ለውሻ ቁጭ ልበል?» አልኩ። አልቀመጥኩም። እስከ ገበያው መጨረሻ ጎተትኩት። መልሼም ጎተትኩት።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። እየዞርኩ ነው፤ አውቃለሁ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ማለዳ ብርቄ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ሽንቁሩ መጣች። ቅዳሴ ልትሄድ ነው። «ጋሼ ደምሴ እኔ ሳልመለስ ከመጡ ብርድ እንዳይመታቸው፤ ቤት አስገቢያቸው» ብላ ቁልፏን ሰጠችኝ። ቁልፏን! በዚያው ሰዓት ማን ያህለው ከእንስራዬ ሥር የሸናውን እየጠረግኩ ነበር። በአንድ እጄ ቁልፉን ያዝኩ፣ በሌላው እጄ እርጥቡን ጨርቅ ይዣለሁ። ብርቄ ሄደች። እኔ ቆምኩ። ጋሼ ደምሴ እየመጡ ነው። የእኔ ቡችላ ሊሄድ ነው። በገዛ ሕጌ፣ በገዛ አፌ ፈርጄ ልሸኘው ነው። ሰፈሩም፣ «ብርቄ ቻለችበት፣ አስካለ አቃታት» ሊል ነው። የትኛው የበለጠ አስጨነቀኝ? ቡችላዬን ማጣት ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። መሸነፉ ነበር።

ጨርቁን ይዤ የብርቄን ቤት ከፈትኩ። ብርቄ ያማረ ባና አላት፤ ባሏ ሸምኖ የተወላት ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው፣ አልጋዋ አጠገብ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። በጨርቁ የባናውን ጠርዝ አሸሁት። እኔ ነኝ ያሸሁት። መሬቱንም አሸሁት። ይታያል ሲያየኝ ጅራቱን እየቆላ መጣ፣ ባናውን አሸተተ፣ ግራ ገባው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ቧጨረ። ዞር ብሎ አየኝ። እንደገና ቧጨረ።

አልከፈትኩለትም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ። ሰማችሁኝ? ቡችላው የተማረውን በትክክል አደረገ፣ ለመነኝ፣ እኔ በር ዘጋሁበት። ሲጨንቀው ዞሮ፣ ሽታው ወደሚጠራው ሄዶ፣ አንገቱን ደፍቶ ባናው ላይ ሸና። ሲሸናም እኔን ያይ ነበር። በኋላ በኋላ «ምን ላድርግ፣ ሸንቷልኮ!» እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ሽታውን ማን አመጣው? በሩን ማን ያዘው? እኔ። እኔ።

ብርቄ ከቅዳሴ ስትመለስ ጋሼ ደምሴ ጠላቸውን ይዘው በእኔ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁልፏን መለስኩላት። በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። ጎረቤት ሴቶችም እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ነበርና ሁሉም ሰሙ። እኔም ሸንጎ ተቀመጥኩ። አባቴ ስለ አውጫጭኝ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ድሮ ዕቃ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እኔም እንደዚያው ሴቶቹን በክብ አስቀመጥኩ፣ ሁለቱን ቡችሎች መሐል አደረግኩ። ማን ያህለው ወዲያው ተኛ። ጋሼ ደምሴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እናንተ ሴቶች! እኔ ርስቴ ሲወሰድ ይህን ያህል ዳኛና ምስክር አላገኘሁም!»

«ዝም ይበሉ፣ ጋሼ፤ ሸንጎ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ያየ ይናገር!» አልኩ። «ያየ ይናገር!» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የጠየቅኩትም እኔ ነኝ። 

ብርቄ ባናውን እንደያዘች ቆመች። «እኔስ አይገባኝም። በር ይቧጭር ነበርኮ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አስካለ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ቃል ቃል ነው። ያበላሸው ይሂድ» አልኩ።

«አንቺ ካልሽ ትክክል ነው» አለች።

እንዲህ ነው ያለችው። ብትሰድበኝ ኖሮ! ሌላ ቀን ሁሉ ስትሰድበኝ ውላ፣ ያን ቀን አመነችኝ። ይታያል እኔ በጎነጎንኩት ገመድ ታስሮ ወጣ። አልተጎተተም። ገመዱ እንደላላ፣ ከጋሼ ደምሴ ጉልበት ሥር ሥር እያለ ሄደ። ብርቄ እስከ መንገዱ ሸኝታው ስትመለስ፣ «ቢያንስ አካሄዱ አኮራኝ» አለችና ባናዋን ወደ ማጠብ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ይብስባችኋል። ማን ያህለውን ያሠለጠነችው ብርቄ ናት። እጇ ሥራ ፈቶባት በየማለዳው በሽንቁሩ በኩል ታዘኛለች፤ «ነቅቷል፣ አውጪው! አሁን ጎሽ በይው! ከልብሽ በይው እንጂ፣ ውሻ ግብዝ ያውቃል!» «ገመዱን ይዘሽ ሜዳው ላይ ቁጭ በይ» አለችኝ፣ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ቀሚሴ ጤዛ እየመጠጠ፣ «ና፣ ማን ያህለው» አልኩ። ያ ግትር ቡችላ ጆሮውን አነሳ፣ ተነሣ፣ እየሮጠ መጥቶ አገጬን ላሰኝ። ሁለታችንም እንደ ልጃገረድ ሳቅን። እንዴት ያለ ደስታ እንደነበረ! ከዚያ ደስታ ውስጥ ግማሹን ከብርቄ የሰረቅኩት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማን ያህለው ዛሬም አለ፤ አርጅቶ፣ ወፍሮ፣ ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ተኝቷል።

ይታያልን ከብዙ ጊዜ በኋላ አየሁት። ጋሼ ደምሴ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ እኔና ብርቄ ራቤል ሄድን። ግዙፍ ሆኗል። በዚያ አካባቢ ስሙን የማያውቅ የለም፤ ጅብ እንኳ በጋሼ ደምሴ በረት በኩል አያልፍም ይላሉ። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና፣ ለግብዣው ክብር እሱንም ቤት አስገቡት። ምድጃው ዳር ተኛ። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያወራል። ድንገት ይታያል ተነሣ፣ በሰው መሐል ተሹለክልኮ ወደ በሩ ሄደ፣ ቧጨረ። ዞር ብሎ አየ። እንደገና ቧጨረ።

እጄን ከመሶቡ መለስኩ። ያን ሁሉ ዘመን በበረት ኖሮ አልረሳም።

ጋሼ ደምሴ እየሳቁ ከፈቱለት። «ይሄ ውሻ የመኳንንት ዘር ነው! ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን ጣራ ሥር ሸንቶ አያውቅም» አሉ።

ብርቄ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ውሻው በዝናብ ውስጥ ሲሄድ አየችው። «ያን ጊዜ አሞት ነበር ማለት ነው» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ «ብዪ እንጂ፣ ምን አፍጥጠሽ ትቀሪያለሽ?» ብላ አጎረሠችኝ። ታውቅ ይሆን? አላውቅም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ጉርሻዋን ዋጥኩ። በደሌ ሁለት ሆነ፤ አንድ ጊዜ በሩን ዘጋሁ፣ አንድ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚህ ሳምንት ጋሼ ደምሴ ለብርቄ ስጦታ ላኩላት፤ የይታያልን ልጅ። ጥቁር ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለበት፣ ሲጮህ ሰፈሩን ያውካል። ብርቄ በደስታ ዓሥር ዓመት ታናሽ መስላለች። ዛሬ ጠዋት በሽንቁሩ በኩል አንገቱን አውጥታ አሳየችኝና፣ «እንግዲህ አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው። ነገ ነይና እንደ ማን ያህለው አድርገሽ አሠልጥኚልኝ። እኔ ያን ጊዜ አልቻልኩበትም» አለችኝ።

አልቻልኩበትም አለች! ብርቄ! እኔን ያስተማረችኝ ሴት፣ በእኔ ፍርድ ምክንያት፣ በራሷ እጅ ማመን ትታለች። ለካ የወሰድኩባት ውሻ ብቻ አይደለም። ይህን ሰምቼ ነገ ሄጄ የአሸናፊ ወንበር ላይ ልቀመጥ? በሷው ጥበብ እሷን ላስተምር? አልቀመጥም። እምቢ። ይህስ ይብቃኝ።

አፌ እንደማይታዘዝልኝ ስለማውቅ ነው የጻፍኩት። ብርቄ አታነብም፣ እኔ አነብላታለሁ። ያኔ በክብ የተቀመጡት ሴቶችም ይጠሩ፤ በሸንጎ የተፈረደ በሸንጎ ይሻር። ይታያል ያለ ጥፋቱ እንደሄደ፣ ብርቄም እንደቻለችበት ጮክ ብሎ ይነገር። ጋሼ ደምሴም ይምጡና እስኪበቃቸው ይሳቁብኝ። ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ቢስቁ ይሳቁ። አዲስ ገመድ ጎንጉኛለሁ፣ ከጥቁር በግ ፀጉር። ባናዋንም በእጄ አጥባለሁ፤ ዛሬ ንጹሕ ነው ብትለኝም አጥባለሁ።

ቀናሁ አልልም። ቡችላዬን ወድጄ ነው አልልም። ትንሽ ነገር ነው፣ የውሻ ነገር ነው አልልም፤ ለተፈረደበት ትንሽ ፍርድ የለም።

ብርቄ፣ ነገ ማለዳ በሽንቁሩ አልመጣም፤ ዞሬ በደጅሽ እመጣለሁ። ማንም አልጎተተኝም። በርሽ ሲቧጨር ብትሰሚ ቡችላው አይደለም፣ እኔ ነኝ። እኔ ለይታያል አልከፈትኩለትም፤ ስለዚህ ክፈቺልኝ የማለት መብት የለኝም። ግን እቧጭራለሁ። እስክትከፍቺ ድረስም እዚያው ደጅሽ ላይ ቁጭ እላለሁ።